ጭራው አፉን የሚያናግረው የገብስ ቫይረስ

ገብስ ማሳ ውስጥ ቅጠሉ ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ እየሆነ ወደ ታች ሲወርድ፣ ተክሉም ሳያድግ እዛው ድንክ ሆኖ ሲቀር መጀመሪያ የሚጠረጠረው አፈሩ ነው። ዩሪያ አነሰው ይባላል፣ ውሃ ተኛበት ይባላል፣ ውርጭ መታው ይባላል። ካሊፎርኒያ ውስጥ በ1951 (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው) ገብሱ እንዲህ ሲሆን ኦስዋልድና ሂውስተን የሚባሉ ተመራማሪዎች ናቸው ኧረ ይሄ የአፈር ጉዳይ አይደለም፣ ክሽክሽ (የተክል ጭማቂ የምትመጥ ትንሽ ነፍሳት) ከተክል ተክል ይዛው የምትዞር ቫይረስ ነው ያሉት። ገብስን ቢጫ አርጎ ስለሚያቀጭጭ ስሙ በዛው ወጣለት፣ በእንግሊዝኛው ምህፃረ ቃል ቢዋይዲቪ ይሉታል፣ እኔም ለማሳጠር እንደዛው ልበለው። ገብስ ላይ ብቻ አይቆምም፣ ስንዴና አጃም ይይዛል፣ ማሳው ዳር ያለው ሳር ውስጥም ተደብቆ ይከርማል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ሳልገባ አንድ እኛን የሚነካ ነገር። በሽታው እንደታወቀ ዴቪስ የሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የገብስ ዘሮችን እየዘሩ የሚቋቋም ፈለጉ፣ ከተገኙትም አብዛኞቹ የኢትዮጵያ ገብሶች ሆነው አረፉት። በ1959 ራስሙሰንና ሻለር ስለ ውርሱ ፃፉ፣ ዘረመሉ ዋይዲ2 ተባለ፣ ቆይቶም አትላስ 68 የሚባል የካሊፎርኒያ ዝርያ ውስጥ ገባ። ይሄ እኛ ቆሎ የምንቆላው፣ በሶ የምንበጠብጠው፣ ብቅል የምናበቅለው ገብስ ነው እንግዲህ። እሱን ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ፣ አሁን ግን ማውራት የፈለኩት ስለ ቫይረሱ ሆድ ዕቃ ነው፣ ምክንያቱም እዛ ውስጥ ያለው ነገር እውነት ለመናገር ጉድ ነው።

ቫይረሱ የተሸከመው መልዕክት አንድ ክር አርኤንኤ ነው። በ1988 ሚለር፣ ወተርሃውስና ገርላክ አውስትራሊያ ውስጥ ሙሉውን አንብበው ሲቆጥሩት 5,677 ፊደል ሆነ (ፊደል የምለው ኤ፣ ዩ፣ ጂ፣ ሲ የሚባሉትን ክሩ የተሰራባቸውን አራት ዓይነት ቁራጮች ነው)። ይሄ የምታነቡት ፅሁፍ ራሱ ከዛ በላይ ፊደል አለው። በዚች ነገር ቫይረሱ ራሱን የሚያባዛ ማሽን ይሰራል፣ ልብስ (የሚሸፈንበትን ፕሮቲን) ይሰራል፣ ተክሉ ውስጥ ከሴል ሴል የሚያሻግር ፕሮቲን ይሰራል፣ ክሽክሿ ሆድ ውስጥ አልፎ ምራቋ ድረስ የሚያደርሰውን ቅጥያ ይሰራል። ግን ፕሮቲን ብቻ መስራት አይበቃም፣ የቱ መቼ ይሰራ፣ ምን ያህል ይሰራ የሚል አለቃ ያስፈልጋል። ለአለቃ የሚሆን ተጨማሪ ዘረመል ደሞ ቦታ የለም። ታዲያ አለቃው ማነው? አርኤንኤው ራሱ የሚታጠፍበት አስተጣጠፍ ነው። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

አርኤንኤ ስንማር ቀጥ ያለ ክር አርገው ነው የሚስሉልን። እውነታው ግን እንደ ደረቀ የጥጥ ፈትል ነው፣ ለቀቅ ስታደርጉት በራሱ ላይ ይጠማዘዛል፣ ኤ ከዩ ጋር ጂ ከሲ ጋር እየፈለገ ይጣበቃል፣ የተጣበቀው ግንድ ይሆናል፣ ሳይጣበቅ የቀረው ጫፍ ላይ ቀለበት ሰርቶ ይቀራል። ቀለበቱ ላይ ያሉት ፊደሎች አጋር የላቸውም፣ ስለዚህ ሌላ ቦታ ላይ የሚገጥማቸው ካለ ለመያያዝ ዝግጁ ናቸው። ይቺን ያዙልኝ።

አሁን ችግሩ። የተክል ሴል ውስጥ ያለ ጤነኛ መልዕክተኛ አርኤንኤ ራሱ ላይ ቆብ አለው፣ ጫፉ ላይ ደሞ የኤ ፊደል የተደረደረበት ጭራ አለው። ፕሮቲን የሚሰራው ራይቦዞም ዝም ብሎ አይመጣም፣ መጀመሪያ ቆቡን የሚይዙ አጋዥ ፕሮቲኖች አሉ፣ እነሱ ናቸው ና እዚህ ጀምር ብለው የሚጠሩት። ቢዋይዲቪ ቆብ የለውም። የኤ ጭራም የለውም (ከዚህ በኋላ ራስ ስል የክሩን መነሻ፣ ጭራ ስል ደሞ የክሩን መጨረሻ ማለቴ ነው)። ሴሉ ውስጥ ደሞ ቆብ የደፉ በሺዎች የሚቆጠሩ መልዕክቶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቆብ የሌለው እንግዳ መጥቶ እንዴት ቀድሟቸው ይስተናገዳል?

ሚለር ወደ አሜሪካ ተመልሶ አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ከከፈተ በኋላ ሰዎቹ ያዩት ነገር መጀመሪያ ስህተት ነው የሚመስለው። በ1995 ዋንግና ሚለር ቆብ የሌለው አርኤንኤ በደንብ እንዲነበብ የሚያደርገው ክፍል ከመነሻው ከ4 ሺህ 500 እስከ 5 ሺህ ፊደል ርቆ፣ ከጭራው በኩል ነው ያለው አሉ። አስቡት፣ ንባቡ የሚጀመረው ከራስ ነው፣ አስጀማሪው ያለው ከእግር። በ1997 ደሞ ቦታውን ወደ መቶ ምናምን ፊደል አጠበቡት፣ ዛሬ ቢቲኢ ይባላል። ቅርፁ ከአንድ መሀል ላይ ሶስት ቀለበት ያላቸው ግንዶች የወጡበት ነው፣ ውስጡም ተመሳሳይ ቫይረሶች ላይ ሳይቀየር የሚገኝ የ17 ፊደል ሰንሰለት አለ።

እንዴት አረጋገጡ ለሚል፣ ላብራቶሪ የሰራ ሰው ደስ የሚለው ቀላል ዘዴ ነው። ከነዛ 17 ፊደሎች ውስጥ ባምኤችዋን የሚባለው መቁረጫ ኢንዛይም የሚያውቃቸው ስድስት ፊደሎች አሉ። ወደ ዲኤንኤ በተገለበጠው የቫይረሱ ኮፒ ላይ እዛ ቆርጠው፣ ክፍተቱን ሞልተው፣ መልሰው ሲያጣብቁት አራት ፊደል ብቻ ተደግሞ ይገባል። አራት ፊደል ብቻ! ንባቡ ግን ወደቀ። ከዛ ያንኑ የተበላሸ አርኤንኤ ሰው ሰራሽ ቆብ አልብሰው የስንዴ ጭማቂ (ከስንዴ ሽል የወጣ፣ የፕሮቲን መስሪያ ዕቃው ያለበት) ውስጥ ሲከቱት ፕሮቲን መስራቱ ተመለሰ። ይሄ ማለት ያ ከእግር በኩል ያለው መቶ ምናምን ፊደል የሚሰራው ስራ የቆብን ስራ ነው ማለት ነው። ቢቲኢውን ከጭራ አንስተው ራስ በኩል ሲተክሉትም ይሰራል።

ግን እኮ ጥያቄው አልተመለሰም፣ እዛ ያለው እዚህ ምን አገባው? መልሱ በ2001 መጣ፣ ጉኦ፣ አለንና ሚለር ያወጡት ስራ ነው፣ ለኔ ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ከቢቲኢው ሶስት ቀለበቶች አንዱ ላይ ያሉ አምስት ፊደሎች፣ ራስ በኩል ካለ ሌላ ቀለበት አምስት ፊደሎች ጋር ይገጥማሉ። ሁለቱ ቀለበቶች ይሳሳማሉ፣ ስሙም እንደዛው ነው የሚባለው፣ የሚሳሳሙ ቀለበቶች። ሲሳሳሙ ክሩ በሙሉ ክብ ይሆንና ጭራው አፉ ላይ ያርፋል። እናቶቻችን ብር መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው አልነበር? መቀነቱ ረጅም ነው፣ ወገብ ላይ ተጠምጥሟል፣ ግን መክፈል ሲመጣ የተቋጠረው ጫፍ ተስቦ እጅ ላይ ይደርሳል። ቢዋይዲቪም የቆቡን ዋጋ ጫፉ ላይ ነው የቋጠረው።

ማረጋገጫው ደሞ እንዲህ ነው። ራስ በኩል ያለውን ቀለበት ፊደል ቀየሩ፣ ንባቡ ወደቀ። መልሰው የጭራውን ቀለበት ብቻ ቀየሩ፣ ወደቀ። ከዛ ሁለቱንም እርስ በርሳቸው እንዲገጥሙ አርገው ቀየሩ፣ ፊደሎቹ ከተፈጥሮዎቹ የተለዩ ሆነው ሳለ ንባቡ ተመለሰ። ቁልፍና ጓጉንቸር እንደመቀየር ማለት ነው፣ ቁልፉን ብቻ ብትቀይሩ አይከፍትም፣ ሁለቱን አብራችሁ ስትቀይሩ ግን ይከፍታል። ስለዚህ ወሳኙ ፊደሉ ሳይሆን መግጠሙ ነው። ስለ አርኤንኤ ቅርፅ የሚፃፍ ወረቀት ላይ ይሄ ዓይነት ሙከራ ካልተሰራ እኔ በበኩሌ ኮምፒውተር የሳለውን ስዕል ብቻ አይቼ ማመን ያቅተኛል፣ ኮምፒውተር ማንኛውንም ክር አጥፎ ቆንጆ ስዕል ይሰጣችኋላ።

ቢቲኢው ራሱ ምኑን ነው የሚይዘው ካላችሁ፣ በ2008 ትሬደርና ባልደረቦቹ ኢአይኤፍ4ጂ የሚባለውን አጋዥ ፕሮቲን እንደሚይዝ አሳዩ። 4ጂ ሲባል ኔትወርክ እንዳይመስላችሁ። ይሄ ፕሮቲን በደህናው ጊዜ ከቆብ ያዡ ጋር ተጣምሮ ራይቦዞም የሚጠራ ነው፣ ቫይረሱ ቆቡን ዘሎ ጠሪውን በቀጥታ ያዘው ማለት ነው። በደላላ በኩል ሳይሆን ሀላፊው ቢሮ ዘሎ መግባት በሉት።

እስካሁን ያወራሁት ስለ መጀመር ብቻ ነው። ሁለተኛው ጉድ ደሞ መሀል ላይ ነው።

ቫይረሱ ራሱን የሚያባዛበትን ማሽን የሚሰራው ዘረመል ለብቻው መነሻ የለውም። ከፊቱ ያለው ዘረመል ተነቦ ሊያልቅ ሲል ራይቦዞሙ አንድ ፊደል ወደ ኋላ ተንሸራቶ ካነበበ ብቻ ነው ወደሱ የሚገባው። አርኤንኤ የሚነበበው ሶስት ሶስት ፊደል እየተቆጠረ ነው፣ ቦታ ሳይተው። በፊደላችን ልሞክረው፦ «ከበደ ገበሬ ነበረ» የሚለውን ሶስት ሶስት አርጋችሁ አንብቡ፣ ደህና ነው። አሁን ከበደን ካነበባችሁ በኋላ አንድ ፊደል ወደ ኋላ ተንሸራተቱ፣ «ከበደ ደገበ ሬነበ» ይሆናል። እኛ ላይ ትርጉም አጣ፣ ቫይረሱ ላይ ግን ሁለተኛው ንባብ ነው ዋናውን ማሽን የሚሰጠው። የሚያንሸራትተው ቦታ ሶስት ጂ አራት ዩ ተደርድሮ ያለበት ነው፣ ፊደሉ ስለሚደጋገም ወደ ኋላ ብትሉም ግጥሙ ብዙም አይፈርስም። እሱ ብቻ ግን አይበቃም፣ ከፊት ለፊት ራይቦዞሙን ገታ የሚያደርግ የታጠፈ አርኤንኤ ያስፈልጋል። ሌሎች ቫይረሶች ላይ ይሄ ማገጃ እዛው አጠገቡ ያለ ነው። ቢዋይዲቪ ላይ ግን የማገጃው ግማሽ አጠገቡ ሆኖ ግማሹ ደሞ 4 ሺህ ፊደል ርቆ፣ አዎ እንደገና ጭራው ጋ ነው። በ2001 ፖልና ባልደረቦቹ የሩቁ ክፍል እንደሚያስፈልግ አሳዩ፣ በ2002 ባሪና ሚለር ያንኑ የሁለት ጎን ቅየራ ሙከራ ሰርተው መግጠማቸውን አረጋገጡ። የሚንሸራተተው ራይቦዞም ከመቶ አንድ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ማሽን እኮ ብዙ አያስፈልግም፣ ጥቂት ማሽን ብዙ ኮፒ ይሰራል። ያቺ መግጠም ከተበላሸች ደሞ ቫይረሱ መባዛት አይችልም።

ለምንድነው ግን ይሄን ያህል የሚያደክመው? አጠገቡ ማገጃ ቢሰራ ምን ነበረበት? ባሪና ሚለር ያቀረቡት ሞዴል እዚህ ላይ ነው፣ እኔ እሱን ካነበብኩ በኋላ ስለ ቫይረስ ያለኝ አመለካከት ተቀይሯል። አንዱ የአርኤንኤ ክር ሁለት ስራ አለበት፣ ይነበባል፣ ይገለበጣል። አንባቢው ራይቦዞም ከራስ ወደ ጭራ ይሄዳል። ገልባጩ ማሽን ደሞ ከጭራ ወደ ራስ ይመጣል። መንገዱ ግን አንድ ነው። በአንድ መኪና ብቻ በሚያሳልፍ ድልድይ ላይ ከሁለት ወገን የጭነት መኪና ሲገባ አስቡት፣ ማን ወደ ኋላ ይመለስ? መንገድ የሚሰራበት ቦታ ላይ ቀይና አረንጓዴ ባንዲራ ይዞ የሚቆም ልጅ አለ አይደል፣ እዚህ ያ ልጅ ጭራው ነው። ገልባጩ ማሽን ስራውን ከጭራ ሲጀምር በመንገዱ ላይ መጀመሪያ የሚያገኘው ለመንሸራተቱ የሚያስፈልገውን የሩቁን ክፍል ነው፣ ሲያልፍበት ይፈታዋል፣ ስለዚህ ተጨማሪ ማሽን መሰራቱ ይቆማል። ትንሽ ሄድ ሲል ቢቲኢውን ያገኛል፣ እሱንም ይፈታዋል፣ ስለዚህ አዲስ ራይቦዞም መግባቱ ይቆማል። የገቡት ደሞ ንባባቸውን ጨርሰው ይወጣሉ። ገልባጩ ወደ ራስ ሲደርስ መንገዱ ባዶ ነው። ማሽኑ በበቂ ሁኔታ መሰራቱን የሚናገረው ማሽኑ ራሱ መጥቶ መብራቱን ማጥፋቱ ነው። መቆጣጠሪያ ፕሮቲን የለም፣ ዘብ የለም፣ መታጠፍና መፈታት ብቻ። ሞዴል ነው እንግዲህ፣ እያንዳንዷ እርምጃ በካሜራ አልተቀረፀችም፣ ግን ርቀቱ ለምን እንደተመረጠ ከዚህ የተሻለ ምክንያት እኔ አላየሁም።

ከዛ በኋላ ቫይረሱ ከዋናው ክር አጠር ያሉ ኮፒዎች ያወጣል፣ ሶስት ናቸው። የመጀመሪያው ልብሱንና ማሻገሪያውን ይሰራል። እዚህ ጋ ደሞ ሌላ ቀልድ አለ፣ የማሻገሪያው ዘረመል ሙሉ በሙሉ የልብሱ ዘረመል ውስጥ ነው የተኛው፣ አነባበቡ አንድ ፊደል ፈቀቅ ሲል ሌላ ፕሮቲን ይወጣል። ሰምና ወርቅ በሉት፣ አንዱ ስንኝ ሁለት ነገር ይናገራል። የልብሱ ዘረመል መጨረሻ ላይ ያለውን ቁም የሚል ምልክት ራይቦዞሙ አንዳንዴ ጥሶ ያልፋል፣ ሲያልፍ ነው ክሽክሿ የምትፈልገው ረጅሙ ቅጥያ የሚሰራው፣ ለመጣሱም ቁም ከሚለው አጠገብ ያለ ቅደም ተከተልና ወደ 700 ፊደል ወረድ ብሎ ያለ ሌላ ክፍል ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ይሄን በ1996 ነው ያሳዩት። ለሶስተኛ ጊዜ እንደገና ሩቅ ያለ ነገር ማለት ነው፣ ቫይረሱ በቃ በስልክ ነው የሚተዳደረው።

ሁለተኛዋ አጭር ኮፒ ግን የተለየች ናት። ስትጀምር ቢቲኢው ራሷ ላይ ነው ያለው፣ ፕሮቲን ትሰራለች ከማለት ይልቅ ራሷ አርኤንኤዋ ናት የምትሰራው። ኢንፌክሽኑ እየገፋ ሲሄድ ከዋናው ክር በብዙ እጥፍ ትበዛለች፣ በብዛቷም ኢአይኤፍ4ጂውን ከነጓደኞቹ ትሻማለች። በሽሚያው የሚጎዳው በዋናነት ማነው? ዋናው ረጅሙ ክር። የመጀመሪያዋ አጭር ኮፒ በዚህ ሽሚያ ያን ያህል አትጎዳም፣ ልብስ መስራቷን ትቀጥላለች። ውጤቱን አስተውሉ፦ መጀመሪያ ማሽን መስራት፣ ማሽኑ ከበቃ በኋላ ማሽኑን አቁሞ ልብስ መስራት። ቅያሪውን ያመጣችው ከራሱ ከቫይረሱ ክር የተቆረጠች የጭራ ቁራጭ ናት። ይሄን ሼን፣ ራኮቶንድራፋራና ሚለር በ2006 ነው በደንብ ያቀረቡት። ድግስ ቤት ውስጥ መጀመሪያ ዶሮ የሚገነጥሉት እጆች በዝተው ቆይተው ኋላ ሁሉም ወደ እንጀራ ማቅረቡ የሚዞርበት ሰዓት አለ አይደል፣ ያን የሚያዝ አስተናጋጅ ያስፈልጋል፣ እዚህ አስተናጋጇ ያቺ ቁራጭ ናት።

አንድ ቅር የሚለኝን ልናገር። ከዚህ ሁሉ ሙከራ ብዙው የተሰራው የስንዴ ጭማቂ ባለበት ቱቦ ውስጥና ግድግዳቸው የተገፈፈ የአጃ ሴሎች ውስጥ ነው። ቫይረሱ ግን ሙሉ ተክል ላይ የሚኖረው ምግብ በሚወርድበት ቱቦ ውስጥ ብቻ ነው፣ ክሽክሿም ምላሷን ሰክታ የምትተክለው እዛው ነው። ስለዚህ «ተክል ውስጥ እንዲህ ይሆናል» ሲባል በልካችሁ ስሙት። የሁለት ጎን ቅየራው ሙከራ ግን ሴሎቹም ላይ ስለሰራ በቀላሉ የሚፈርስ አይደለም።

ነገሩ የገብስ ብቻ እንዳይመስላችሁ ደሞ፣ ቢቲኢ የመሰለ ነገር የትምባሆ ኔክሮሲስ ቫይረስ ላይም አለ፣ የቲማቲም ቁጥቋጦ አቀጭጭ ቫይረስ ላይ ደሞ ዋይ የሚመስል ሌላ ቅርፅ ያንኑ ስራ ይሰራል። ለገበሬ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን የሜሎን ነው። ሜሎን ላይ ቆብ ያዡ ፕሮቲን ውስጥ አንዲት አሚኖ አሲድ በመቀየሯ ብቻ ኔክሮቲክ ስፖት ቫይረስን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አሉ። ከዛ ይሄን መከላከያ የሚሰብር የቫይረስ ዓይነት ተገኘ፣ የሰበረበት ቦታ ሲፈለግ ፕሮቲን በሚሰራው ክፍል ሳይሆን ጭራው ላይ ባለው ታጣፊ አርኤንኤ ሆነ። ቅርፅ ሲቀየር የዘር ማሻሻያ ስራ ሁሉ መና ሊቀር ይችላል ማለት ነው፣ የዘር ሰዎች እንግዲህ ጭራውንም ማየት ሊለምዱ ነው።

ወደ ኢትዮጵያው ገብስ ልመለስ ብዬ ነበር። ዋይዲ2 ያለበት ገብስ ፒኤቪ የሚባለውን የቢዋይዲቪ ዓይነት በደንብ ይቋቋማል፣ ማለትም እስካሁን ያወራሁለትን ራሱን። አርፒቪ የሚባለው ላይ ግን ብዙም አይሰራም። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ የአንድ ቫይረስ ዝርያዎች ተብለው ነው የኖሩት፣ ምክንያቱም ማሳ ላይ ያው ቢጫ ናቸው፣ ያችው ክሽክሽ ሁለቱንም ትይዛለች። ውስጣቸው ሲታይ ግን አርፒቪ ራሱ ላይ የተጣበቀ ትንሽ ፕሮቲን አለው፣ ቢቲኢ የለውም። ከዚህ ተነስቶ አሃ የኛ ገብስ ቢቲኢውን ነው የሚመታው ብሎ መደምደም ያጓጓል፣ እኔም የሆነ ጊዜ እንደዛ ብዬ አስቤ ነበር፣ ግን እንደዛ የሚያሳይ ሙከራ ሳይኖር ዘሎ መደምደም ነውር ነው፣ ሁለቱ በሌላ ብዙ ነገርም ይለያያሉ። በኋላ የቫይረስ ስም አውጪዎቹ ማሽናቸውን አወዳድረው ፒኤቪን ከቲማቲሙ ቫይረስ ቤተሰብ ጋር ቀላቀሉት፣ አርፒቪን ደሞ ወደ ሌላ ቤተሰብ ላኩት። ማሳው ላይ ግን አልተለያዩም፣ አንዳንዴ አንድ ገብስ ውስጥ አብረው ይገባሉ፣ አብረው ሲገቡ ደሞ ተክሉ ለብቻቸው ከሚያደርጉት በባሰ ሁኔታ ይቀጭጫል።